በደረቀ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር እና ሯጭ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት ሮጠን ስናበቃ ሻይ ላይ የምንከራከርባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ሄጃለሁ።

ዘቢብና ቴምር ላይ ስኳር ይጨመርበታል እንዴ? ለምንድን ነው እንዲህ የሚጣፍጠው?

ዘቢብ፣ ቴምርና የደረቀ በለስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጨመርም። የሚጣፍጡት ውሃቸው ስለሄደ ነው። ወይን ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውሃው ይተናል፣ ስኳሩ እዚያው ይቀራል። 1 ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት ከ4 ኪሎ በላይ ወይን ይደርቃል።

ስለዚህ 20 ፍሬ ዘቢብ ውስጥ ያለው ስኳር 20 ፍሬ ወይን ውስጥ ካለው ጋር ያው ነው። ችግሩ ሌላ ነው። 20 ፍሬ ወይን የበላ ሰው ትንሽ ረካ ይላል። 20 ፍሬ ዘቢብ የበላ ሰው መጀመሩንም አያስተውል። (በለስ ስል የሾላ ዘመድ የሆነውን ነው፤ ክረምት ላይ መንገድ ዳር እየተላጠ የሚሸጠውን ባለ እሾሁን አይደለም።)

በቁጥር ስንት ስኳር አለው?

100 ግራም ትኩስ ወይን ከ15 እስከ 16 ግራም ስኳር አለው። 100 ግራም ዘቢብ ወደ 60 ግራም፣ መጅሁል የሚባለው ቴምር ወደ 66፣ የደረቀ አፕሪኮት ወደ 53፣ የደረቀ በለስ ወደ 48፣ የደረቀ ፕሪም ደግሞ ወደ 38 ግራም ይይዛል።

ግን 100 ግራም እየመዘነ የሚበላ ሰው የለም። በፍሬ እንቁጠረው። አንድ መጅሁል፣ ያ እስራኤልና አሜሪካ ያላችሁ የምታውቁት ወፍራሙ፣ ዘሩ ወጥቶ 24 ግራም ገደማ ይመዝናል። ውስጡ 18 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ፤ 16ቱ ስኳር ነው። ሻይ ላይ አራት ማንኪያ እንደማድረግ ማለት ነው። በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠው ትንሹ ቴምር ግን 7 ወይም 8 ግራም ቢሆን ነው፤ በፍሬ 5 ግራም ገደማ ስኳር ያዙለት። አንድ እፍኝ ዘቢብ፣ 30 ግራም በሉት፣ ወደ 24 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው።

ታዲያ ከነጩ ስኳር በምን ይሻላል?

ስኳሩ ራሱ ያው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። ደማችን ውስጥ ከገባ በኋላ ከቴምር ይምጣ ከቡና ሲኒ ማንም አይለየውም። ልዩነቱ አብሮት የሚመጣው ነው። 100 ግራም ቴምር ከ7 እስከ 8 ግራም አሰር (ፋይበር) አለው፤ ፖታሲየምና ሌሎች ማዕድናትም አሉት። አሰሩ ስኳሩን ትንሽ ያዘገየዋል። ቫይታሚን ሲ ከፈለጋችሁ ግን ብርቱካን ግዙ፤ ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከተጨመረ ስኳር፣ ከማር፣ ከሽሮፕና ከጭማቂ የምናገኘው ኃይል ከቀኑ 10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም መሆኑ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሳይፈጭ የሚበላ የደረቀ ፍራፍሬ እዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ 30 ግራሙ እንደ አንድ ድርሻ ፍራፍሬ ይቆጠራል። ያው ፍሬ ተፈጭቶ ሊጥ ወይም ሽሮፕ ሲሆን ግን ይቆጠራል። «በቴምር ሽሮፕ የጣፈጠ፣ ከስኳር ነፃ» የሚል ኬክ ሲያቀርቡላችሁ ይቺን አስታውሱ። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ማርም ተፈጥሯዊ ነው፤ መመሪያው ግን አልማረውም።

ሯጭ ስኳር ለምን ያስፈልገዋል?

ጡንቻችን ግላይኮጅን የሚባል የተጠራቀመ ስኳር አለው፤ ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ። ጉበት ደግሞ 100 ግራም ያህል ይጨምራል። ጠንከር ብለን ስንሮጥ ሰውነት ከስብ ይልቅ ወደዚህ ክምችት ያዘነብላል። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ክምችቱ ይሳሳል። ማራቶን ላይ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ባትሪያቸው ዘግቶ የሚቆሙት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የሩጫው ርዝመት ነው። ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ኪስ ሙሉ ቴምር ይዞ መሰለፍ አያስፈልግም። እዚያ የሚያስፈልገው መንገድ የሚለቅላችሁ ሰው ነው።

ከልምምድ በፊት መቼ ልብላ?

የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከረጅም ወይም ከከባድ ልምምድ በፊት ባሉት ከ1 እስከ 4 ሰዓታት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመክራሉ። ሰዓቱ ሲቀርብ መጠኑ ያንሳል። ጥሩ ምክር ነው። ግን ጠዋት 12 ሰዓት ለሚሮጥ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ቂንጬ መብላት የማይታሰብ ነው። የደረቀ ፍራፍሬ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አይበስልም፣ ቦታ አይዝም፣ ሆድ አይሞላም።

እኔ ረጅም ሩጫ ባለበት ቀን ከአልጋ እንደወረድኩ አራት ትንንሽ ቴምር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ እበላለሁ። እስክለብስና መሮጫው ቦታ እስክደርስ አንድ ሰዓት ገደማ ያልፋል። አንዳንድ ሰው ጣፋጭ ነገር በልቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲሮጥ የደሙ ስኳር ወረድ ይልና ይዝለፈለፋል። እንደዚያ ከሆናችሁ ወይ ቀደም አድርጉት፣ ወይ መሮጥ ልትጀምሩ አምስት ደቂቃ ሲቀር ብሉት። አንድ ሰዓት ለማይሞላ ቀላል ሩጫ ከሆነ ደግሞ ምንም ባትበሉ የሚደርስባችሁ ነገር የለም።

በሩጫ ላይ ቴምርና ዘቢብ ጄልን ይተካሉ?

ለብዙዎቻችን ይተካሉ፤ ከነመዘዛቸው። ጄል ማለት ሯጮች በትንሽ ፓኬት ይዘው እየሮጡ የሚውጡት ወፈር ያለ የስኳር ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። እፍኝ ዘቢብም ያንኑ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት ነገሩን በቀጥታ ፈትኖታል። 11 ወንድ ሯጮች 80 ደቂቃ ጠንከር ባለ ፍጥነት ሮጡ። ወዲያው ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ባላቸው አቅም ሁሉ። አንድ ቀን ዘቢብ እየበሉ፣ አንድ ቀን ለስፖርተኛ የተሠራ የሚታኘክ ከረሜላ እየበሉ፣ አንድ ቀን ውሃ ብቻ እየጠጡ። በዘቢብና በከረሜላ የገቡበት ሰዓት እኩል ለማለት ይቻላል። ውሃ ብቻ ከጠጡበት ቀን ግን በሁለቱም አንድ ደቂቃ ገደማ ፈጠኑ። 5 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ደቂቃ ቀልድ አይደለም።

መጠኑ እንዲህ ነው። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚሮጥ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ከዚያ በላይ ለሚቆይ እስከ 90 ግራም። 60 ላይ መስመር የተሰመረው በምክንያት ነው። አንጀታችን ግሉኮስ የሚያስገባበት በር በሰዓት 60 ግራም ገደማ ሲያልፍበት ይጨናነቃል። ፍሩክቶስ የሚገባው በሌላ በር ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ተጨማሪ ስኳር ይገባል ማለት ነው። ውድ ጄሎች ላይ «ሁለት ዓይነት ካርቦሃይድሬት» እያሉ የሚጽፉት ይህንን ነው። ቴምርና ዘቢብ ደግሞ ማንም ሳይቀምማቸው ግሉኮስና ፍሩክቶስን ግማሽ በግማሽ ገደማ ይዘው ነው የተፈጠሩት።

አሁን ወደ መዘዙ። በሰዓት 90 ግራም ለማግኘት አምስት መጅሁል መብላት አለባችሁ። በውድድር ፍጥነት እየሮጣችሁ አምስት ቴምር ለማኘክ ሞክሩና ንገሩኝ። አፍ ሥራው መተንፈስ ነው። አሰሩም በዚህ ፍጥነት ወዳጅ አይሆንም። ጨው ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ፖታሲየሙን ብዙ ሰው ያደንቃል፤ በላብ በብዛት የሚወጣው ግን ሶዲየም ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ረጅም ቀላል ሩጫ፣ የተራራ ጉዞ፣ ብስክሌት ላይ ቴምርና ዘቢብ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ኪሳችሁንም አይጎዱም። ቴምሩን ዘሩን አውጥታችሁ፣ ቁንጥር ጨው ነስንሳችሁበት፣ በትንሽ ፌስታል ያዙ። ውሃ አብሮ ይኑር። ጥሩ ሰዓት ለማስመዝገብ ለምትሮጡት ማራቶን ግን ጄል ካገኛችሁ ጄል ይሻላል።

ሆዴን ለምን ይነፋኛል?

ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አሰር፣ ፍሩክቶስ እና ሶርቢቶል። ፍሩክቶስ ብቻውን በዛ ሲል አንጀት ሁሉን አይወስደውም። የተረፈው ወደ ታች ወርዶ ባክቴሪያዎች ይቀራመቱታል፤ ጋዝ ይሆናል። ሶርቢቶል ደግሞ በደንብ የማይመጠጥ የስኳር ዘመድ ነው፤ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። የደረቀ ፕሪም በ100 ግራም 15 ግራም ገደማ ሶርቢቶል አለው። ለሆድ ድርቀት የሚታዘዘው ያለ ነገር አይደለም።

ይህንን የተማርኩት በመከራ ነው። ከውጭ የመጣ የፕሪም ፓኬት ተሰጥቶኝ ከረጅም ሩጫ በፊት ስምንት ያህል ዋጥኩ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ስደርስ ገባኝ። ሱሉልታን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መደበቂያ ዛፍ የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሩጫ በፊት ፕሪምና አፕሪኮት ተዉ። ቴምርና ዘቢብን በትንሹ ጀምራችሁ በልምምድ ቀን አስለምዱ፤ አንጀትም እንደ ጡንቻ ይለማመዳል። የውድድር ቀን አዲስ ነገር አትሞክሩ።

ከልምምድ በኋላስ?

በዚያው ቀን ድጋሚ ልምምድ ካለባችሁ መፍጠን ዋጋ አለው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት፣ በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ግራም ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ለ60 ኪሎ ሰው በሰዓት 60 ግራም መሆኑ ነው። ሁለት ቴምርና አንድ ብርጭቆ በሶ እዚያ ያደርሱታል። ቀጣዩ ሩጫ ነገ ከሆነ ግን መቻኮል አያስፈልግም፤ ምሳ ይበቃል። ቴምር ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ጡንቻ የሚጠግነው እንቁላሉ፣ ምስሩ፣ ሽሮው ነው።

ጾም ላይ እንዴት ላድርግ?

በኦርቶዶክስ ጾም የደረቀ ፍራፍሬ ሁሉ የጾም ምግብ ነው፤ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ጠዋት የሚደረግ ከባድ ልምምድ ይጎዳል። ከቻላችሁ ከባዱን ወደ አመሻሽ ውሰዱት። ጠዋት ቀለል ያለ ብቻ ይሁን። 9 ሰዓት ላይ ሁለት ሦስት ቴምር በውሃ፣ ከዚያ ሽሮና ምስር። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በቴምር ብቻ አይገፋም። ጥራጥሬና ኦቾሎኒ ይጨመር።

ረመዳን ላይ ደግሞ በቴምር ማፍጠር የቆየ ልማድ ነው፤ ለስፖርተኛም ይመቻል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ለቆየ ሰውነት ፈጣን ስኳር ይሰጣል፣ ውሃ አብሮት ይገባል። ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ቀላል ሩጫ፣ ከባዱን ካፈጠሩ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ማድረግ ይሻላል። ከዓረብ አገር ዘመድ በሻንጣ ያመጣላችሁ ቴምር ካለ እሱን ለሱሁርም (ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ) አስቀሩ፤ ከገንፎ ወይም ከእርጎ ጋር ረዘም ይላል።

ዘቢብ ደም ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

ለዚህ አትቁጠሩበት። 100 ግራም ዘቢብ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ነው ያለው። አንዲት ወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም እንድታገኝ ይመከራል። በዘቢብ ለመሙላት በቀን አንድ ኪሎ ሊጠጋ ነው። ምስር፣ ሥጋና ጎመን ብሉ፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም አብራችሁ። ሻይና ቡናውን ከማዕድ ትንሽ አርቁት፤ ብረቱ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ሩጫ ላይ ያለ ምክንያት የምትደክሙ ከሆነ ደግሞ ግምቱን ትታችሁ ፌሪቲን (የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳይ የደም ምርመራ) ተመርመሩ።

ጥርሴን አያበላሽም?

ያበላሻል፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ ከኪስ እያወጣችሁ የምትቆረጥሙ ከሆነ። ይጣበቃል፤ ባክቴሪያም ይመገበዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ 278 አትሌቶች ጥርሳቸው ሲታይ 55 በመቶዎቹ የተቦረቦረ ጥርስ ነበራቸው። ያንን ያደረገው ዘቢብ ነው ማለት አይደለም፤ ስፖርተኛ ግን ጣፋጭ መጠጡም ጄሉም ብዙ ነው። ከምግብ ጋር ብሉት፣ በሩጫ ላይ ከሆነ ውሃ ተጉመጥመጡ።

ስገዛ ምን ልይ?

በስኳር የተሸፈነ፣ ባለ ቀለም፣ ኩብ ኩብ ሆኖ የተቆረጠ ፓፓያና አናናስ ከረሜላ ነው በሉት፤ በስኳር ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚደርቀው። ክራንቤሪ በተፈጥሮው በጣም ስለሚኮመጥጥ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ስኳር ይጨመርበታል። የሙዝ ቺፕስ ደግሞ በአብዛኛው በዘይት የተጠበሰ ነው። የደረቀ ማንጎ ሁለቱም ዓይነት ይገኛል። አሜሪካ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ማሸጊያው ላይ የተጨመረ ስኳር ለብቻው ይጻፋል። ዜሮ ካለ ዜሮ ነው።

በኪሎ ሲሸጥ ግን ማሸጊያ የለም። ቴምሩ ከመጠን በላይ የሚያብረቀርቅና እጅ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሽሮፕ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ደማቅ ብርቱካናማ አፕሪኮትና ወርቃማ ዘቢብ ቀለማቸውን የያዙት በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም አይደለም፤ አስም ያለበትን ግን ሊቀሰቅስ ይችላል። ቡናማው አፕሪኮት አያምርም፣ ግን ያ ነገር የለበትም። ደግሞ እጠቡት፤ አሸዋ ጥርስ ይሰብራል።

ክብደት ለመቀነስ ነው የምሮጠው። ልተወው?

መተው አያስፈልግም፤ መቁጠር ያስፈልጋል። 70 ኪሎ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 70 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። 100 ግራም ዘቢብ 300 ካሎሪ ነው። ፊልም እያያችሁ የጨረሳችሁት ፓኬት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሩጫ ማለት ነው። 30 ግራሙን በትንሽ ሰሃን አውጡና ፓኬቱን ዝጉ። ከኮሎ ወይም ከኦቾሎኒ ጋር ከተቀላቀለ ቀስ ብሎ ይበላል።

ስኳር ሕመም አለብኝ፤ እሮጣለሁ። ቴምር መብላት እችላለሁ?

ብዙዎች ይችላሉ፤ መጠኑን ግን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ። እንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሩጫ ላይ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ሩጫ ከመጀመራችሁ በፊት ስኳራችሁን ተለኩ። ረጅም ሩጫ ላይ በየጊዜው አንድ ሁለት ትንሽ ቴምር ስኳሩ እንዳይወርድ ሊረዳ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ። ስኳር ወርዶ መንቀጥቀጥና ላብ ከጀመረ ቴምር የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ማኘክ ይፈልጋል፣ አሰሩም ያዘገየዋል። 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ነው የሚያስፈልገው፦ የግሉኮስ ክኒን፣ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ወይም ውሃ ላይ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለኩ። ብቻችሁን አትሩጡ።

ስኳር ፈርቼ ፍራፍሬም እንጀራም ቀንሻለሁ፤ ሩጫዬ ግን እየከበደኝ ነው። ለምን?

እየራባችሁ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ ለሚውል ሰው የተሰጠ የስኳር ምክር በሳምንት 80 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ ሰው ላይ ሲጫን እንዲህ ይሆናል። ልምምዱ የሚወስደው ኃይል ብዙ፣ የሚገባው ትንሽ ሲሆን ሰውነት ከሌላ ቦታ መቀነስ ይጀምራል። እንቅልፍ ይረበሻል፣ ጉዳት ይደጋገማል፣ አጥንት ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይህንን ችግር በስም ለይቶ ያስጠነቅቃል። ሴቶች ላይ የወር አበባ መቅረት ትልቅ ምልክት ነው። «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ያስኬዳል።

ወንዶችም ላይ ይደርሳል፤ ምልክቱ ግን ስለማይታይ ይዘገያል። መጀመሪያ የምመልሰው እንጀራውን ነው፣ ከዚያ ጠዋት የምትወስዱትን እፍኝ ዘቢብ። ሁለት ሦስት ሳምንት በደንብ በልታችሁም እግራችሁ ካልቀለለ ቀጣዩ የደም ምርመራ ነው።